ቤሉ የታጠፈ አልቶ ሳክስ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይጠግነዋል?

አልቶ_ነኝ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ያማሃ አልቶ ይዞልኝ መጣ። ያገለገለ ነው። ግን ከመነሳቱ በፊት ሻጩ ሲነፋው በቪዲዮ ሰምቼዋለሁ፣ ድምፁ ንጹሕ ነበር። ችግሩ አጎቴ በስስ ቦርሳ አድርጎ ከሻንጣ ጋር ማስጫኑ ነው። ቤት ደርሰን ስንከፍተው ቤሉ፣ ድምፁ የሚወጣበት ሰፊው አፍ፣ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ቤሉን ከገላው ጋር የሚያያዘው ቀለበት ደግሞ ገላውን ወደ ውስጥ ገፍቶታል። ከታች የሚታጠፈው ክፍል ላይም ትንሽ ጭርምት አለ።

ስነፋው ሲ፣ ላ እና ሶል ደህና ይወጣሉ። ከፋ ጀምሮ ወደ ታች ይንተፋተፋል። የታችኛው ዶ ጭራሽ አይወጣም።

ሰፈር ያለ ጓደኛዬ «ባትላሜራ ጋ ይወሰድና ይቀጥቀጥ፣ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ያልቃል» ይላል። እጄ እሺ ለማለት አልሄደልኝም። ልምድ ያላችሁ በሉ ንገሩኝ።

ቤዝ_በቤዝ

ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልተሳሳተም። እኔ የማውቀው ባትላሜራ የአክስቴን ቪትዝ በር አዲስ አስመስሎ ነው ያወጣው። ናስ ደግሞ ከመኪና ላሜራ ይለሰልሳል። ምን ያስፈራል?

አልቶ_ነኝ

እህትህ ነኝ እንጂ ወንድምህ አይደለሁም፣ ሃሃ። ጽሑፉ ላይ እኮ «ጠጥተሽ» ብሎኛል።

ቤዝ_በቤዝ

ይቅርታ እቱ። ሳላነበው ነው የመለስኩት። ባትላሜራው ግን ጎበዝ ነው።

የድሮ_ክላርኔት

ልጆች፣ እባካችሁ ቆዩ። ማንም መዶሻ እንዳያነሳ።

እኔ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ክላርኔትና ሳክስ ስነፋ ኖሬአለሁ። መሣሪያ ሲበላሽ የሚሠራው ስለጠፋ ጥገናውንም እዚያው ተማርኩት። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሥራ አልቀበልም። ምክር ግን አይነፈግም።

የመኪና በር ለዓይን ከተስተካከለ በቃ፣ ሥራው አልቋል። የሳክስ ገላ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ያ ከንፈር በብዙዎቹ ሳክሶች ላይ ተለጥፎ የመጣ አይደለም፣ ከገላው ከራሱ ተስቦ የወጣ ነው። ስለዚህ ከቀዳዳው አጠገብ አንዴ ብትመቺው ከንፈሩ አብሮ ይወዛወዛል። ከቁልፉ ሥር ያለው ለስላሳ መድፈኛ፣ ፓዱ፣ የሚቀመጠው በዚያ ከንፈር ላይ ነው። ከንፈሩ የፀጉር ያህል ከጎደለ አየር ይወጣል። አየር ከወጣ ኖታ የለም።

ሌላም አለ። ናስ በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደርቃል። ለስላሳ ነው የምትሉት ያ ናስ ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ያኔ ነው ባለሙያም የሚቸገረው።

ጥሩ ባለሙያ ከውጭ አይመታም። ከውስጥ ነው የሚያወጣው። ረጅም የብረት ዘንግ ሞርሳ ላይ ያስራል። ጫፉ ላይ እንደ ቱቦው ስፋት የተመረጠ የብረት ድቡልቡል ይሰካል። ገላውን በዘንጉ ላይ አስገብቶ ጎድጓዳውን ቀስ እያለ እያሸ ያነሳዋል። መዶሻ ቢይዝም የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ነው፣ እሱንም በስሱ።

ወደ ባለሙያ ከመሄድሽ በፊት እስኪ እነዚህን ሞክሪ። ኔኩን፣ ከላይ የሚሰካውን ጎባጣ ቱቦ፣ ብቻውን ያዢ። ከላዩ ያለችው ትንሿ የኦክታቭ ቀዳዳ መዘጋቷን አረጋግጪ። የታችኛውን አፍ በመዳፍሽ ክደኚና ከላይ አየሩን ሳቢ። ምላስሽን ይዞ ከቀረ ኔኩ ደህና ነው። ቀጥሎ በጣም ስስ ወረቀት፣ የሲጋራ መጠቅለያ ቢሆን ይመረጣል፣ በቀጭኑ ቁረጪ። ከፓዱ ሥር አስገቢ፣ ቁልፉን በስሱ ዝጊና ሳቢው። በዙሪያው ሁሉ እኩል መያዝ አለበት። በአንድ በኩል ዝም ብሎ ከወጣ እዚያ ጋ አየር አለ። በስሱ ያልኩት በምክንያት ነው። በኃይል ከጫንሽው የሚያፈሰውም ፓድ ደህና ይመስላል።

ቤሉን አትይው። ዓይን ሁልጊዜ ትልቁ ጉዳት ላይ ነው የሚሄደው። አንቺ ከፋ ወደ ታች ነው ችግሩ ብለሻል። ሳክስ ላይ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር የሚዘጉት ቀዳዳዎች ይበዛሉ። ለታችኛው ዶ ከላይ ያሉት በሙሉ መዘጋት አለባቸው። አንዱ ካፈሰ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ይታመማሉ። ስለዚህ መፈለግ ያለብሽ መጀመሪያ የተበላሸው ኖታ አካባቢ ነው።

አልቶ_ነኝ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት። ኔኩ ይይዛል። ወረቀቱ ግን በቀኝ እጅ ከሚዘጉት ፓዶች መካከል በሁለቱ ላይ በኋላ በኩል ዝም ብሎ ይወጣል። የቀኝ እጅ ቁልፎችም ስለቃቸው ቶሎ አይነሱም፣ ተኝተው ይቀራሉ።

የድሮ_ክላርኔት

እንደገመትኩት ነው። ያ ቀለበት ገላውን የገፋው በዚያው አካባቢ ነው። ገላው ሲጎብጥ ቁልፎቹን የተሸከሙት ምሰሶዎች ከመሥመር ይወጣሉ። በመካከላቸው ያለው ዘንግ ይቆነጠጣል። ቁልፉ የሚተኛው ለዚህ ነው። ሞላው ደክሞ ነው ብለሽ ሞላውን እንዳታጠብቂ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሞላውን በፒንሳ ሲያጎብጥ ይሰብረዋል።

ግድየለም_77

በዚህ ሁሉ ጣጣ ፈንታ አዲስ የቻይና ሳክስ መግዛት አይቀልም? ኦንላይን ሞልቷል። ጥገናው ላይ የሚወጣው ብር ተደምሮ ያው አዲስ ይገዛል።

አራተኛ_መስመር

እኔ ሳክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ። ቻይና ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ደህና የሚሠሩ አሉ። ግን በጣም ርካሹ ዓይነት ላይ የቁልፎቹ ብረት ለስላሳ ነው። ዛሬ የተስተካከለው ቁልፍ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጎብጣል። እንደገና ታስተካክላለህ፣ እንደገና ይጎብጣል። መለዋወጫውም አይገጥምም። ያማሃ ደግሞ ለተማሪ የሚሠራውም ቢሆን ልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ባለሙያ ያስተካከለውን ይዞ ይቆያል። ይቺ ልጅ የያዘችው መሣሪያ ከተስተካከለ ብዙ ዓመት ያገለግላታል። እኔ ብሆን አስጠግናለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ጠጋኝ ስትፈልጊ «ሳክስ ትሠራለህ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። «ሊክ የምታይበት መብራት አለህ?» በይው። ገላው ውስጥ የሚገባ ረጅም መብራት ነው። ክፍሉ ጨለማ ሲሆን ፓዱ ሥር ብርሃን ሾልኮ ከታየ አየሩም በዚያው ይሾልካል። ያ መብራት የሌለው ሰው በግምት ነው የሚሠራው። ደግሞ ፓዱን በምን እንደሚያጣብቅ ጠይቂው። በሼላክ ወይም እንደ ሼላክ በሙቀት በሚለሰልስ ሙጫ ካለሽ ጥሩ። ሱፐር ግሉ ካለሽ ሳክስሽን ይዘሽ ውጪ። በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ፓድ አንዴ ከደረቀ ወዲህም ወዲያም አይልም፣ ለማስተካከል ዕድል የለውም።

ግድየለም_77

መምህር፣ እሺ። ግን እንዲህ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አለ? ትራምፔት ነፊ ጓደኛዬ የፒስተን ጉዳይ ይዞ ከተማውን ዞሮ ነው ያገኘው።

አራተኛ_መስመር

ጥቂት ነው፣ አልክድም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የነፋስ መሣሪያ የሚያስተምሩትን ጠይቁ። የብሔራዊ ቴአትርና የፖሊስ ኦርኬስትራ ነፊዎችን ጠይቁ። ነፊ ሁሉ ጠጋኝ ያውቃል። ካላወቀ መሣሪያው ድምፅ አያወጣም። እዚህ ግን ስምና ስልክ አትለጥፉ፣ በግል መልእክት ይሁን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሪድ

ከዚህ ማዶ ነኝ። እቱ፣ ፓድ ካስፈለገሽ ወዳጆቼ ሲመጡ እልክልሻለሁ። ግን «የአልቶ ሙሉ ፓድ» ብለሽ አትዘዢ። የአንዱ ፋብሪካ ልክ ለሌላው አይሆንም። ባለሙያው ፓዶቹ የሚገቡባቸውን ጽዋዎች በካሊፐር በሚሊሜትር ይለካና ዝርዝሩን ይስጥሽ። በግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ነው የሚሸጡት። ውፍረቱንም ጠይቂው፣ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው እሱን ነው። ፓዱ ከወፈረ ከኋላ ቀድሞ ይነካና ከፊት ይከፈታል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ። ዘመድ ሳክስ ሲያመጣላችሁ አልቶ ከሆነ ከላይ ሻንጣ ማስቀመጫው ላይ ይገባል፣ ከሻንጣ ጋር አይጫን። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ አየር መንገዶች ቦታ እስካለ ድረስ ትንንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ ካቢን እንዲገባ መፍቀድ አለባቸው፣ ደንብ ነው። የሌላ አገር አየር መንገድ የራሱ አሠራር አለው፣ ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ። ቦታ ስለሚያልቅ ቶሎ መሳፈርም ይጠቅማል።

መጫኑ ግድ ከሆነ ግን ጠንካራ ኬዝ ይግዙ። ኔኩና ማውዝፒሱ ለብቻ ተጠቅልለው ይቀመጡ። ኔኩ የሚገባበት አፍ ላይ መሰኪያው ይግባ። ያቺ ርካሽ ፕላስቲክ ለአቧራ አይደለችም፣ የኦክታቩን ዘንግ ከመጎበጥ የምትጠብቅ ናት። ቤሉ ውስጥ ሹራብ ይሞላ። ዋናው ነገር ሳክሱ ኬዙ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ነው። ኬዙ ሳይነካ ውስጡ የተሰበረ ሳክስ አይቻለሁ።

ቤዝ_በቤዝ

እኔ ባትላሜራዬን ይዤ ልጥፋ መሰለኝ።

የድሮ_ክላርኔት

አትጥፋ። ባለ እጅ ሰው ሁሉ ቦታ አለው። ቁልፍ ከክንዱ ከተሰበረ እኔ ራሴ ወርቅ ሠሪ ጋ እልክ ነበር። ቁልፍ የሚበየደው በብር ብየዳ ነው፣ ወርቅ ሠሪ ደግሞ ከእኛ የተሻለ እጅ አለው። ቁልፉን ከገላው አውልቀህ፣ ሞላውንና ፓዱን አውጥተህ፣ ብረቱን ብቻ ነው የምትሰጠው። ገላው ላይ ያለው ቀለበትና መከላከያ ግን በለስላሳ ብየዳ ነው የሚያያዘው፣ ትንሽ እሳት ይበቃዋል። የመኪና በያጅ እሳቱን ከለቀቀበት ላከሩ፣ የላዩ ቅብ፣ ይቃጠላል፣ አጠገቡ ያለው ምሰሶም ተላቆ ይወድቃል።

ሽለላ_በሳክስ

ከርዕሱ ልውጣ። እቱ፣ አልቶውን ለምን ፈለግሽው? እኔ በቴነር የጌታቸው መኩሪያን መንገድ ልሞክር ብዬ ነበር ሳክስ የያዝኩት። ሽለላውን ወደ ሳክስ ያመጣው ሰው! በስተርጅና ከሆላንድ የፓንክ ሙዚቀኞች ጋር ሲነፋ ሳይ ነው ልቤ የተነሳው። ያ ጩኸት የሚያፈስ ሳክስ ላይ አይወጣም። በግድ ስትገፊው ጉንጭሽ ያልቃል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እኔ የአነፋፈስ ችግር ነው እያልኩ ለረጅም ጊዜ ራሴን ስወቅስ ነበር፣ ለካ የሶል ሻርፕ ፓድ ነው።

የድሮ_ክላርኔት

ጌታቸው ሲነፋ አጠገቡ የቆመ ሰው ጆሮውን ይይዝ ነበር። ቴነሩ እንዲያ እንዲያገሳ ከላይ እስከ ታች ድፍን መሆን አለበት።

የሶል ሻርፕ ነገር እውነት ነው። ያቺ ፓድ ከብዙዎቹ ተለይታ ሳትነኪያት ተዘግታ የምትኖር ናት። በቀኝ እጅ ፋ፣ ሚ፣ ሬ ስትይዢ በአንዲት ትንሽ ብሎን አማካይነት ተጭና እንድትቆይ ይደረጋል። ብሎኗ ከላላች ፓዷ በትንሹ ትነሳለች። በዓይን አታይውም። የታች ኖታዎች ግን ሁሉ ይጠፋሉ።

አልቶ_ነኝ

ሰላም እንደገና። ሳክሱ ተሠራ! ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

አንዲት የኦርኬስትራ ነፊ ነች በግል መልእክት የጠቆመችኝ። ሰውየው የሚሠራው ቤቱ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ታፔላ የለውም። መጀመሪያ ሳክሱን አላየውም፣ «ንፊው» ነው ያለኝ። ከላይ ጀምሬ ኖታ ሳልዘል በግማሽ ድምፅ ልዩነት እየወረድኩ እንድነፋ አደረገኝ። ፋ ላይ ስደርስ አስቆመኝ። ከዚያ ራሱ ነፋው። እሱ ሲነፋው የታችኛው ዶ ወጣ! ደነገጥኩ። «እኔ በጣቴ ጫን አድርጌ ነው የደፈንኩት። አንቺ እንዲህ እየታገልሽ ከተማርሽ እጅሽ ይበላሻል» አለኝ።

ቁልፎቹን በሙሉ አወለቀ። እያንዳንዱን ዘንግና ብሎን ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ በቅደም ተከተል ሰካ። አንዱ ከአንዱ እንዳይቀላቀል ነው። ከዚያ ባዶውን ገላ ወደ መስኮቱ ይዞ በአንድ ዓይኑ አየው፣ ትንሽ ጎብጧል። ለእኔ ያስጨነቀኝ ቤል ለእሱ ቀላሉ ሥራ ነበር። ቀለበቱን ከገላው ለይቶ ቤሉን ወደ ቦታው መለሰ። ብዙ ሰዓት የፈጀው ቀለበቱ የገፋው ጎድጓዳ ነው። ጋሼ እንዳሉት ዘንጉን ሞርሳ ላይ አሰረ፣ ድቡልቡሉን እየቀያየረ ከውስጥ አነሳው። በየመሐሉ ቀዳዳው ከንፈር ላይ ዝርግ ብረት እያስቀመጠ በመብራት ያያል። ዝቅ ያለችውን ቦታ ከውስጥ ገፋ ያደርጋታል። ሞረድ መቼ ታነሳለህ ብዬ ጠየቅኩት። «መጨረሻ ላይ፣ እሱም ካስፈለገ። ሞረድ የወሰደውን ናስ ማን ይመልሰዋል?» አለኝ።

የቀኝ እጁ ዘንግ ምንም አልሆነም ነበር። ገላው ሲቃና ራሱ በነፃነት መዞር ጀመረ። ሞላዎቹን አልነካቸውም።

ፓዶቹን ሁሉ ቀይር ብዬው ነበር፣ እምቢ አለ። እያንዳንዱን በጥፍሩ ጫን እያደረገ ያያል። ቆዳቸው ደርቆ የተሰነጠቁትን ብቻ ቀየረ። የቀሩትን ጽዋውን በትንሽ እሳት አሙቆ፣ ሼላኩ ሲለሰልስ ፓዱን ቦታው ላይ አስተካከለው። በመጨረሻ ክፍሉን አጨልሞ መብራቱን አስገባ። አንድ ፓድ ላይ ብቻ ቀጭን የብርሃን መስመር አየሁ። እሷን ለማጥፋት እንደገና አሙቆ፣ እንደገና አየ፣ እንደገና አሙቆ...

የታችኛው መታጠፊያ ላይ ያለችውን ጭርምት ትቷታል። አውጣልኝ አልኩት። «ላወጣት እችላለሁ። ድምፅ ግን አትነካም። እሷን ለማጥፋት ናሱን ባሸሁት ቁጥር ይሳሳል። ፎቶ ልትነሺበት ነው ወይስ ልትነፊበት?» መልስ አልነበረኝም።

አሁን እስከ ሲ ፍላት ድረስ በቀስታ ስነፋም ይወጣል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ነገ ሁላችሁም የተለያየ ጉዳት ይዛችሁ ሄዳችሁ «ለእሷ በዚህ ሠርተህ» ብላችሁ ስትጨቀጭቁት ይታየኛል።

ግድየለም_77

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ላከሩስ? የተቧጨረው ቢጫ ቀለም እንደ አዲስ አይቀባም?

አራተኛ_መስመር

አይቀባ። ላከር ለማስቀባት መጀመሪያ አሮጌው ይነሳል፣ ናሱም በማሽን ይወለወላል። ሲወለወል ይሳሳል፣ የቀዳዳዎቹ ከንፈርና የተቀረጸው ጽሑፍም አብሮ ይበላል። በ1954 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመረውን ሰልመር ማርክ 6 የተባለ ሳክስ የሚሰበስቡ ሰዎች ላከሩ ግማሹ ረግፎ የቀረውን፣ እንደገና ተቀብቶ ከሚያብረቀርቀው በላይ ይከፍሉበታል። ነፍተሽ ስትጨርሺ ላብሽን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ያ ይበቃል።

አልቶ_ነኝ

መምህር፣ አንድ ነገር ቀረችኝ። ያቺ ሶል ሻርፕ ጠዋት ጠዋት ትጣበቃለች። ዱቄት ነገር ልንሰንስባት?

አራተኛ_መስመር

ዱቄት ተዪ፣ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። ንጹሕ ስስ ወረቀት አስገቢ፣ ቁልፉን በስሱ ያዥው፣ ወረቀቱ እርጥበቱንና ቆሻሻውን ይምጠጥ። ለስላሳ ወይም ማኪያቶ ጠጥተሽ ወዲያው አትንፊ። የምታጣብቀው ስኳሩ ነው። አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ።

ሽለላ_በሳክስ

በመድረክ መሐል ኮካ የሚጠጣው የእኛ ትራምቦኒስት ይህን ያንብብ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሪድ

እቱ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ባለሙያሽ የፓድ ልክ ዝርዝር ከሰጠሽ አሁንም ላኪልኝ። የተቀየሩት ጥቂት ናቸው፣ የቀሩትም ተራቸው መድረሱ አይቀርም። ለእሱም ለራሱ ሼላክና ቡሽ ካስፈለገው ጠይቂልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዕቃ አጥቶ ሥራ እንዲፈታ አልፈልግም።

አልቶ_ነኝ

ጠይቄዋለሁ። ሼላክ ሳይሆን የሞላ ሽቦ ነው ያለው፣ ሰማያዊውን የብረት ዓይነት፣ በየውፍረቱ። በግል እጽፍልሃለሁ።

አዲስ_ገቢ_01

ሰላም፣ ይቅርታ፣ ሳክስ አይደለም፣ ክላርኔት ነው ያለኝ። የላይኛው ክፍል ላይ በቁመቱ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። እዚያው ሰው ይሠራዋል?

የድሮ_ክላርኔት

ልጄ፣ መጀመሪያ እንጨት ነው ፕላስቲክ? እንጨት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አትንፋው። ፀሐይም ምድጃም አጠገብ አታስቀምጠው። ስንጥቁ ወደ አንዱ ቀዳዳ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ እሱን በደንብ አይና ፎቶ አንሳው። ሌላ ውይይት ክፈትና እዚያ እንነጋገር።